በሁለተኛ ማርሽ

አስከሬኑ የተገኘው ረጅሙ ቁልቁለት አልቆ መንገዱ ወደ ግራ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ በር ፊት ለፊት ነበር። ሞተር ሳይክሉ በጎኑ ተጋድሞ የሰውየውን አንድ እግር ተጭኗል። ሄልሜቱ ጭንቅላቱ ላይ ነው። ማሰሪያው አገጩ ሥር ጥብቅ ብሎ ተቆልፏል፤ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች በማሰሪያውና በጉሮሮው መካከል ገብተው እዚያው ደርቀው ቀርተዋል።

መርማሪዋ ከመኪና ስትወርድ ትራፊክ ፖሊሱ ሥራውን ጨርሶ እስክሪብቶውን ኪሱ ይከት ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ በከንቱ ደከሙ፣» አላት። «ከመጠን በላይ ፍጥነት ነው። ሰውየው እላይ ጫፍ ካለው የዕቃ አድራሽ ድርጅት ነው የወጣው። ማርሹን ከሞተሩ አላቆ፣ ፎሌ አድርጎ ቁልቁለቱን ለቀቀው፣ ፍሬኑ ጋለ፣ መያዝ አቃተው፣ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ጋር ተላተመ። አለቀ።»

«አለቀ ያልከው ሰውየውን ነው ምርመራውን?»

ትራፊኩ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ፤ ፊቷን ሲያይ ግን ፈገግታውን መልሶ ዋጠው። ይህች ሴት ስትናደድ አትጮህም። ድምፅዋ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይሄድና ሰው ጆሮውን ካልቀሰረ የማይሰማት ትሆናለች። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ድምፅዋ የቀነሰ ቀን ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ያገኘውን ወረቀት ማገላበጥ ይጀምራል።

«የፍሬኑን ሸራ ትናንት የቀየረችው የድርጅቱ መካኒክ ናት፣» አለ ትራፊኩ ቶሎ ብሎ። «የሟች ታናሽ እህት። ‹እኔ ነኝ የገደልኩት› ብላ ራሷ አምናለች። ጣቢያ አስቀምጫታለሁ።»

«የወንድሟ ሬሳ ሳይነሳ እሷን ጣቢያ አስቀመጥካት?»

«አምናለች እኮ፣ ኢንስፔክተር!»

መርማሪዋ ወደ ሬሳው ቀረበች። ጎንበስ ብላ ሞተር ሳይክሉን መመርመር ያዘች። ማርሹ እውነትም ፎሌ ላይ ነው፤ የኋላውን ጎማ በጣቷ ገፋ ስታደርገው ከሞተሩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ይመስል ዝም ብሎ ተሽከረከረ። ሄልሜቱን ዞራ አየችው። አንድ ጭረት የለበትም። ከሥሩ ግን ደም ወርዶ ኮሌታውን አርሶታል። ወደ እግሩ አለፈች። ነፃ በሆነው እግሩ ላይ፣ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ፣ ሱሪው ፊት ለፊት የጎማ አሻራ ታትሞበታል፤ የጎማው ጥርስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጫማውን ቀና አድርጋ ሶሉን አየች። ደህና ነው፣ ገና አልተበላም።

መንገዱ ላይ ደግሞ ከመታጠፊያው ከፍ ብሎ የጀመሩ ሁለት ጥቁር መስመሮች ጎን ለጎን ወርደዋል።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«የጎማ ነዋ።»

«የሞተር ሳይክል ጎማ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ነው፤ ጎን ለጎን አይደለም። አንተ ትራፊክ ነህ ወይስ አትክልተኛ?»

ትራፊኩ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ፣ መልሶ ከተተው።

ቀድመው የደረሱት አጣቢዋ በራቸው ደፍ ላይ ክንዳቸውን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ዓይናቸው ከለቅሶ ብዛት አብጧል።

«እማማ፣ ክንድዎ ምን ሆነ?»

«ተቃጠልኩ፣ ልጄ። ሞተሩን ላነሳለት ስታገል። ከበደኝ፣ አልቻልኩም።»

«ጭስ ማውጫው ነው ያቃጠለዎት?»

«ኧረ እሱማ አይደለም! ጭስ ማውጫውን ይዤ ነው ላነሳ የታገልኩት። በሁለት እጄ። ይሄ የኋላው ጎማ መሃል ላይ ያለው ድቡልቡል ብረት ነው የጠበሰኝ።»

መርማሪዋ ቀስ ብላ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። ሞተር ሳይክል ነክቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የጭስ ማውጫ ጠባሳ አለበት፤ የሚያቃጥለው እሱ ነው።

«እማማ፣ ደግመው ይንገሩኝ። ጭስ ማውጫው አልጋለም?»

«እንደ ውሃ ቧንቧ ነበር። ቀዝቃዛ።»

«ሲወርድስ ሰምተውታል?»

«እሱን በየቀኑ ነው የምሰማው። ሌሎቹ ሽው ብለው ነው የሚያልፉት፤ ልብስ ላሰጣ ስወጣ ስንቴ ሊደፉኝ! እሱ ግን ከላይ ጀምሮ ሞተሩ እያጉረመረመ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ‹እማማ፣ የሚያጉረመርመው እኮ እኔን ይዞ ነው› ይለኛል። ዛሬ ሞተር የሚባል ነገር አልሰማሁም። ኳ! የሚል ድምፅ ብቻ። ቆርቆሮ የወደቀ መሰለኝና አንሶላዬን አለቅልቄ ጨርሼ ነው የወጣሁት። አንሶላ፣ ልጄ! ሰው እየሞተ አንሶላ!»

«እርስዎ ምንም አላጠፉም፣» አለች መርማሪዋ። ዓይኗ ከማጠቢያ ቤቱ ጎን ወደ ላይ የሚወጣው የድንጋይ ደረጃ ላይ ነበር። «ይሄ ደረጃ የት ያደርሳል?»

«ላይኛው ድርጅት ጓሮ። በእግር የሚሄድ በዚያ ነው የሚያቋርጠው።»

ጣቢያው ውስጥ መካኒኳ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታያቸዋለች። እስከ አንጓዋ ድረስ ግራሶ ነው።

«ታጠቢ የሚልሽ ሰው ጠፋ?»

«ብለውኛል። አልታጠብም። ይሄ እጅ ነው የገደለው።»

መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች። ቆሽቷ አርሯል፤ ያረረው ግን በልጅቷ አይደለም። የልጅቷን ሐዘን ቀምቶ በምትኩ ጥፋት ባሸከማት ሰው ነው፤ ማን እንደሆነ ገና አታውቅም፣ መኖሩን ግን ታውቃለች።

«ትናንት ምን ሠራሽ?»

«የኋላውን ፍሬን ሸራ ቀየርኩ። ዘንጉን አስተካከልኩ። እሱ ራሱ ግቢው ውስጥ ነድቶ ሞከረው። ‹እጅሽ ይባረክ› አለኝ።» መዳፏን ገልብጣ አየችው። «ዛሬ ጠዋት ዕቃ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ፍሬኑ ከድቶት ሞተ አሉኝ።»

«ወንድምሽ ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬን ይይዛል?»

ልጅቷ ቀና አለች። «ፍሬን? እሱ? እስከ መታጠፊያው አይነካውም። በማርሽ ነው የሚወርደው።»

«እንዴት እንደሆነ አስረጂኝ፤ እኔ መኪና እንጂ ሞተር አልነዳም።»

«ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሳል። ከጀመረ በኋላ አይደለም፣ በፊት ነው። እዚህ መንገድ ላይ ሁለተኛ። ቤንዚኑን ሲለቀው ሞተሩ ራሱ ጎማውን ወደ ኋላ ይይዘዋል፣ ፍጥነቱ አይጨምርም። ፍሬኑ ቀዝቃዛ ሆኖ ለመጨረሻው ይቆይለታል። ፍሬን ይዞ ቁልቁለቱን ሁሉ ለሚወርድ ሰው ግን ሸራው ይግላል፣ ከጋለ መያዙን ያቆማል። እዚህ ድርጅት የተቀጠረ ሁሉ መጀመሪያ ከእሱ የሚማረው ይህንን ነው። ሁሉም ‹አሠልጣኙ› የሚሉት ለዚያ ነው።»

«ዛሬ ማርሹ ፎሌ ላይ ነው የተገኘው።»

ልጅቷ ብድግ አለች። «ማን ነው ያለው? ውሸት ነው! ወንድሜ ፎሌ አይወርድም! ቢሰክርም አይወርድም፣ ቢታመምም አይወርድም!»

«እኔም እንደዚያ ነው የማስበው። ነይ፣ እንሂድ። እጅሽንም ታጠቢ።»

«መጀመሪያ እኔ አለመሆኔን ልወቅ፣» አለች ልጅቷ፣ እጇን ሳትታጠብ ተከተለቻት።

የድርጅቱ በር ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደል «ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፉ! ነዳጅ ይቆጠብ!» ተብሎ ተጽፏል። መርማሪዋ ከመኪናዋ ሳትወርድ ሁለቴ አነበበችው። ሰው በሩ ላይ ሞቱን ጽፎ ይለጥፋል ወይ ብላ አሰበች።

ባለቤቱ ቢሮው በር ድረስ ወጥቶ ተቀበላት። ወፍራም፣ ንጹሕ፣ ሐዘኑን ፊቱ ላይ በልክ የደለደለ ሰው ነው። ሲራመድ አዲስ ጫማው ሲጥ ሲጥ ይላል፤ እግሩንም ይጎትታል።

«እግርዎን አመመዎት?»

«አዲስ ጫማ ነው፣ ኢንስፔክተር። እየላጠኝ ነው። ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። ምን ዓይነት ቀን ነው! ያንን ልጅ እንደ ወንድሜ ነበር የማየው። ግትር ነበር እንጂ...»

«በምን ነበር ግትርነቱ?»

«ያው በሥራው ነዋ። እኔ ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፉ እላለሁ፤ እሱ ልጆቹን አታጥፉ ይላል። ድርጅቱ የማን ነው? ግን በዚህ ቂም የምይዝ ሰው አይደለሁም። ዛሬ ይኸው ምክሬን ሰምቶ ፎሌ ወረደ። አሳዘነኝ።»

«ፎሌ መውረዱን ማን ነገረዎት?»

«ትራፊኩ... ሁሉም እያወራው አይደል እንዴ?»

«ሲወጣ አይተውታል?»

«በዓይኔ በብሌኑ! በዚህ መስኮት። ሞተሩን አስነሳ፣ አንጓራ፣ በበሩ ወጣ። ደህና ዋሉ እንኳ አላለኝም።»

«ሞተሩን አስነስቶ?»

«ግቢው እስኪናወጥ!»

መርማሪዋ አንገቷን ነቀነቀች። በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ የተቀመጠችው ስልከኛዋ አንዴም ቀና አላለችም። የባለቤቱ የእህት ልጅ ናት። ስልኩ ይጮኻል፣ አታነሳውም።

«አንቺስ...» ብላ መርማሪዋ ስትጀምር፦

«አላየሁም፣» አለች ስልከኛዋ ጥያቄው ሳይጠናቀቅ። «ምንም አላየሁም።» ይህን ስትል በእግሯ ጠረጴዛው ሥር ያለ አንድ ነገር ወደ ውስጥ ገፋ አደረገች።

መርማሪዋ አየቻት፤ ያየች ግን አልመሰለችም።

መጠገኛው ውስጥ «ሮኬት» የሚሉትን ወጣት ነጂ ባልዲ በእርግጫ ሲመታ አገኘችው። ትናንት ከሟች ጋር ሲጨቃጨቅ ግቢው ሁሉ ሰምቶታል። የጫማው ተረከዝ ደግሞ ተበልቶ ወደ አንድ ጎን ዘሟል። ይህንንም አየች።

«ትናንት ምን ብለህ ነው የጮህክበት?»

«‹ተወኝ፣ እናቴ አይደለህም!› ብዬ ነው።» ድምፁ ነደደ። «ሁለት ሳምንት አላስነዳኝም! ለምን መሰለዎት? ቁልቁለቱ መሃል ላይ ከአራተኛ ወደ አንደኛ በአንዴ ወርጄ በግራ እጄ የጨበጥኩትን ፍሪሲዮን ባንዴ ለቀቅኩት። የኋላው ጎማ ተቆለፈ፣ ወረወረኝ። ‹አንድ በአንድ ቀንስ፣ ፍሪሲዮኑን እንደ ተኛ ሕፃን ቀስ አድርገህ ልቀቅ› አለኝ። ከዚያ ደግሞ ከኋላ መኪና ካለ ፍሬኑን ነካ አድርግ ይለኛል፤ በማርሽ ስትይዝ የኋላ መብራትህ ስለማይበራ ሰውየው የልብህን አያውቅም ይለኛል። እየደጋገመ! እየደጋገመ! አሁን ማን ይደጋግምልኝ?» ባልዲውን ዳግም መታው። «እሱ ፎሌ ወረደ የሚል ሰው ፊቴ ይምጣና ይንገረኝ!»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ከከተማው ማዶ፣ ዕቃ ሳደርስ። ይደውሉና ይጠይቁ።»

ደወለች። ተቀባዩ እውነት ነው አላት፤ ሻይ ጋብዞት አብረው ተቀምጠው ነበር። ስልኩን ከመዝጋቷ ሌላ ጥሪ ገባ። ሐኪሙ ነው።

«ጭንቅላቱ ከኋላ ተመትቷል፣ ቅልጥሙም ከፊት ተሰብሯል፣» አላት። «ግን የገደለው እሱ አይደለም። በጊዜ ቢደርስልን ይተርፍ ነበር። ደም ወደ ጉሮሮው እየገባ ነበር፣ ያ ማሰሪያ ደግሞ አንቆታል። ታፍኖ ነው የሞተው። ማሰሪያው ሲጠብቅ በሕይወት ነበር፣ ኢንስፔክተር። ጣቶቹን ያስገባው ሊፈታው ነው።»

መርማሪዋ ስልኩን ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ትራፊኩን ጠርታ ሞተር ሳይክሉን በጭነት መኪና አስወጥቶ እንዲያመጣው፣ አጣቢዋንም እንዲያመጣቸው ነገረችው። ትራፊኩ ምን እንዳለችው ለመስማት ጆሮውን ወደ አፏ ማስጠጋት ነበረበት።

ሁሉም መጠገኛው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሞተር ሳይክሉ መሃል ላይ ቆሟል። ባለቤቱ ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ፤ ስልከኛዋ ከኋላው ቆመች። ሮኬት ከመሣሪያ ሳጥኑ ላይ፣ አጣቢዋ ከበሩ አጠገብ፣ መካኒኳ ከወንድሟ ሞተር ጎን ሆኑ።

«ትራፊካችን ይህን ሰው ከመጠን በላይ ፍጥነት ገደለው ብሎ ጽፏል፣» አለች መርማሪዋ። «ስህተቱ ከመጀመሪያው ቃል ይጀምራል። ይህ ሰው ሲገጭ ሞተር ሳይክል ላይ አልነበረም።»

«እንዴት?» አለ ትራፊኩ።

«ሱሪው ላይ፣ ቅልጥሙ ላይ፣ ከፊት ለፊት የጎማ አሻራ አለ። እየነዳህ ያለኸው ሞተር የፊት ጎማ የገዛ ቅልጥምህን ከፊት ለፊት እንዴት አድርጎ ይመታሃል? አሻራው ከዚህ የፊት ጎማ ጋር አንድ ነው፤ ቅድም አመሳክሬዋለሁ። ሰውየው መታጠፊያው ላይ በእግሩ ቆሞ ነበር። የገዛ ሞተሩ መጥቶ ገጨው። ሌላ ሰው ነው የነዳው።»

መካኒኳ የሞተሩን መሪ ጨበጠች።

«ሁለተኛ፣ ሄልሜቱ። ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፣ ሄልሜቱ ግን አልተጫረም። ሲወድቅ አላደረገውም ማለት ነው። በኋላ ነው ያደረጉለት። ሦስተኛ፣ እማማ፣ ጭስ ማውጫው ምን ይመስል ነበር?»

«ቀዝቃዛ ነዋ፣ ልጄ። ብረቱ ነው እንጂ የፈጀኝ።»

«ብረቱ የፍሬኑ ቤት ነው። ጭስ ማውጫው የቀዘቀዘው ሞተሩ ከግቢው እስከ መታጠፊያው ጭራሽ ስላልተነሣ ነው። ከበሩ ገፍተው ነው ያወጡት። ፍሬኑ የጋለው ደግሞ ያንን ሁሉ ቁልቁለት ብቻውን ስለያዘ ነው። እዚህ ውስጥ እንዲህ ፈጽሞ የማይወርደው አንድ ሰው ነበር፤ የሞተውም እሱ ነው። እንግዲህ የነዳው ሞተር አጥፍቶ መውረድን የሚያምን፣ ምናልባትም ይህንን ሊያሳይ የፈለገ ሰው ነው።»

ባለቤቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሄ ሁሉ ግምት ነው፣ ኢንስፔክተር። ነጂዎቹ ሁሉ እንዲያ ነው የሚወርዱት። ይሄ ልጅ ትናንት እንኳ...»

«ሮኬት ከከተማው ማዶ ነበር፤ አረጋግጫለሁ። ደግሞ ፍሬኑ መታጠፊያው አጠገብ ሲለቅ ነጂው ምን አደረገ? በሁለት እግሩ መሬቱን ረገጠ። አስፋልቱ ላይ ያሉት ሁለት መስመሮች የሁለት ጫማ ሶል ናቸው። የሮኬት ጫማ ተረከዙ ዘሟል፤ ግን አርጅቶ ነው፣ የተበላው ቦታ ላይ ጭቃ ደርቆበታል። የሟች ሶል ደህና ነው። ስለዚህ ዛሬ ሶሉን አስፋልት የበላበት ሰው ጫማ መቀየር ነበረበት።»

ሁሉም ዓይኖች ወደ ባለቤቱ እግር ሄዱ። እግሩን ወንበሩ ሥር ሰበሰበ፤ ጫማው ሲጥ አለ።

«ጫማ መግዛት ወንጀል ሆነ?» አለ ፊቱ ቀልቶ።

«ወንጀል አይደለም። ግን ‹ሞተሩን አስነሳ፣ ግቢው እስኪናወጥ አንጓራ› አሉኝ። ያልተነሣ ሞተር ሲያንጓራ የሰሙ እርስዎ ብቻ ነዎት። አሮጌው ጫማዎ የት ነው?»

«ጣልኩት! አሮጌ ነበር፣ ጣልኩት!»

«አልጣልኩትም፣ አጎቴ።»

ድምፁ በጣም ቀጭን ስለነበር መጀመሪያ ማን እንደተናገረ አልታወቀም። ስልከኛዋ ወጣች፣ ጥቁር ፌስታል ይዛ ተመለሰች። ከውስጡ ጥሩ የቆዳ ጫማ አወጣች። ሁለቱም ሶሎች ከፊታቸው ተልጠው ካልሲ እስኪያሳዩ ድረስ አልቀዋል።

«‹ራቅ አድርገሽ ጣይልኝ› አለኝ፣» አለች እያለቀሰች። «እጄ እምቢ አለ። ጠዋት ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። አሠልጣኙ ‹ከነገ ጀምሮ ማንም ሞተር አያጠፋም፣ ሁላችንም ተስማምተናል› አለው። አጎቴ ‹ፈሪ ናችሁ፣ እኔ ራሴ ባንተ ሞተር ወርጄ አሳይሃለሁ፤ አንተ ታች ጠብቀህ ትመልሰዋለህ› አለ። አሠልጣኙ ለመነው። ‹ጋሼ፣ ተው› እያለ ለመነው። እምቢ ሲለው ሄልሜቱን በእጁ ይዞ በደረጃው ወረደ። አጎቴ ሞተሩን ገፍቶ አወጣ። ከዚያ በጓሮ በኩል... በባዶ እግሩ በሚባል ሁኔታ ተመለሰ።»

«ዝም በይ!» ባለቤቱ ተነሣ። «አደጋ ነው! ሆን ብዬ ነው እንዴ? ፍሬኑ ነው የከዳኝ! ይቺ ልጅ የሠራችው ፍሬን ነው...»

«ፍሬኔ አልከዳህም፣» አለች መካኒኳ።

እስካሁን «ጋሼ» እና «እርስዎ» ስትለው የኖረች ልጅ ናት። ሁለት እርምጃ ቀረበችው።

«ፍሬኔ አልከዳህም! ያንን ሁሉ ቁልቁለት ያንተን ክብደትና ያንተን ትዕቢት ተሸክሞ እየነደደ መታጠፊያው ድረስ አድርሶሃል። ከዚያ በላይ ከብረት ምን ትፈልጋለህ? ነግሮሃል! ወንድሜ ነግሮሃል! ለምኖሃል! ይኼው እጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ነፍሰ ገዳይ እጅ ሳየው ነው የዋልኩት። አንተ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ እያየኸኝ!»

«አደጋ ነው፣» አለ ሰውየው ወደ መርማሪዋ ዞሮ። «ፍሬኑ መልቀቁን እርስዎ ራስዎ አሁን ተናገሩ።»

«መግጨትዎ አደጋ ነው፣» አለች መርማሪዋ። ድምፅዋ ወርዶ ወርዶ ሹክሹክታ ሆኗል። «ከመግጨትዎ በኋላ ጮኸው ሰው ቢጠሩ፣ በሩ ክፍት ነበር፣ እማማ እዚያው ነበሩ። ሐኪሙ ይተርፍ ነበር ብሎኛል። እርስዎ ግን ሄልሜቱን ከመሬት አንስተው አጠለቁለት። ሞተሩን ጎትተው እግሩ ላይ አጋደሙት። ማሰሪያውንም አጠበቁት። አደጋው እዚያ ላይ ነው ያበቃው።»

«ሞቷል ብዬ ነው! የሞተ መስሎኝ ነው!»

«ጣቶቹ ማሰሪያው ውስጥ እንዴት ገቡ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! እጄን ሲይዘኝ ደንግጬ...»

ያለውን ሁሉም ሰምተዋል፤ ራሱም ሰምቶታል። አጣቢዋ ፎጣቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሮኬት ከሳጥኑ ዘሎ ሲወርድ ትራፊኩ መሃል ገብቶ ደረቱን ያዘው።

«ልቀቀኝ! እጁን ይዞታል እኮ! እየለመነው ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ፣» አለ ትራፊኩ። ፊቱ አመድ መስሏል። «አውቃለሁ፣ ወንድሜ። ለሕግ ተወው።»

ፖሊሶች ባለቤቱን በሲጥ ሲጥ ጫማው እያነከሰ ወደ መኪና ወሰዱት። መኪናው በሩ ላይ ካለው ቀይ ጽሑፍ አጠገብ ሲደርስ መርማሪዋ አስቆመችውና ትራፊኩን ጠራችው።

«የጻፍከውን አውጣ።»

አወጣ።

«‹ከመጠን በላይ ፍጥነት› የሚለውን እህቱ ፊት ሰርዘው። ከዚያ ‹ገደልኩት ብላ አምናለች› የሚለውንም። ስትሰርዝ እያየችህ ይሁን፤ ይቅርታም ጠይቃት።»

ትራፊኩ ሄደ። ምን እንዳላት ባይሰማም ለረጅም ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ታየ።

ወደ ማታ መካኒኳ የግቢው ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ብላ እጇን በሳሙና ትፈትጋለች። ግራሶው ለቀቀ፤ ከጥፍሯ ሥር ያለው ብቻ ቀረ። ተነሥታ የራሷን ሞተር አስነሣች።

«አጣቢዋን እኔ ላድርሳቸው?» አለች መርማሪዋ።

«ትራፊኩ ቀድሞ ወስዷቸዋል። እርስዎ ግን ከኋላዬ ይውጡ። ‹አስረጂኝ› ብለውኝ አልነበር? ሲቀመጡበት ነው የሚገባዎት።»

መርማሪዋ ከኋላዋ ተቀመጠች። ከበሩ ወጥተው በሜዳው ጥቂት እንደሄዱ፣ መንገዱ ገና ሳያዘነብል፣ ልጅቷ ማርሹን ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ አንድ በአንድ አወረደችው፤ ፍሪሲዮኑን እየሳበች ቀስ እያለች ለቀቀች። ቁልቁለቱ አፉን ሲከፍት ቤንዚኑን ተወችው። ሞተሩ ከሥራቸው ማጉረምረም ጀመረ። የሚያስፈራው መንገድ የሚጎትታቸው ያህል ሞተሩ ወደ ኋላ ያዛቸው፤ ፍጥነቱ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ከኋላቸው መኪና ሲመጣ ልጅቷ ፍሬኑን ለአፍታ ነካ አደረገች፤ ቀይ መብራቱ በራ፣ መኪናው ራቅ አለላቸው። መርማሪዋ የልጅቷ ጀርባ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። ልጅቷ እያለቀሰች ነበር፤ እጇ ግን መሪው ላይ ፍንክች አላለም።

መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ የማጠቢያ ቤቱ በር በርግዶ ተከፈተ። አጣቢዋ እርጥብ አንሶላ በእጃቸው እንደያዙ፣ በባዶ እግራቸው እየሮጡ ወጡ። ሁለቱን ሴቶች አዩ፣ ሞተሩን አዩ፣ ቆሙ። አንሶላው ከእጃቸው ወደቀ።

«ሞተሩ ሲያጉረመርም ሰምቼ፣» አሉ፣ «እሱ የመጣ መስሎኝ ነው እኮ።»